ምስጢት ወደ ላይ የሠራችው ቤት

ተረት ተረት! ዛሬ «የላም በረት» አትበሉኝ፤ «የቤት መሠረት» በሉኝ። አላችሁ? እንግዲህ ስሙ።

እንስሳ ከእንስሳ፣ ድንጋይ ከነፋስ ጋር በሚነጋገርበት በዚያ በዱሮው ዘመን፣ በአንድ ሰፊ ሐይቅ ዳር ብዙ ትንንሽና ትልልቅ እንስሳት ይኖሩ ነበር። ሐይቁ ታዲያ በየክረምቱ ይሞላል፤ በሞላ ቁጥር ከሜዳቸው ይቆርሳል። ቆረሰ፣ ቆረሰ፣ ሜዳውን በላው። ዝሆንና ጎሽ፣ አንበሳና ቀጭኔ ውኃውን እየሰነጠቁ ወዲያ ማዶ ተሻገሩ። ትንንሾቹ መሻገር አልቻሉም። የቀረቻቸው አንድ አውድማ የምታህል ደረቅ መሬት ብቻ ሆነች።

በዚያች አውድማ ላይ ጦጢት አለች፤ ሚዳቆ አለች፤ ጃርት አለ፤ ሽኮኮ አለ፤ ጅግራ ከነጫጩቶቿ አለች፤ ጥንቸል ከስድስት ልጆቿ ጋር አለች፤ ሽማግሌያቸው አባባ ኤሊ አለ። ብቻ ሁሉም ሲቆጠሩ ሃያ ቤተሰብ ናቸው። ሲቀመጡ ጉልበት ለጉልበት ይጋጫሉ። የጃርት እሾህ የሚዳቆን ጎን ይወጋል። የጅግራ ጫጩት በሽኮኮ እግር ይረገጣል።

መስከረም ጠብቶ ውኃው ሲረጋ ተሰብስበው መከሩ።

«በመጪው ክረምት የዚህች አውድማ ግማሽ ይሄዳል» አለ ጃርት። «ሁላችንንም አትበቃንም። ዕጣ እንጣልና አንዱ ቤተሰብ ይውጣ።»

ዕጣ ተጣለ። ዕጣው በጥንቸል ላይ ወጣ። ክረምት ሳይገባ ልጆቿን ይዛ እንድትወጣ ተወሰነ።

ጥንቸል ልጆቿን አንድ በአንድ በዓይኗ ቆጠረቻቸው። ከዚያ ቀና ብላ «ውኃ ዋና የምታስተምሩኝ ማናችሁ?» አለች።

ያን ጊዜ ከመሬት ሥር ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ወደ ጎን ቦታ ካለቀ፣ ወደ ላይ አለ እኮ!»

ዞር ብለው ቢያዩ ምስጢት ናት። ምስጢት ምስጥ ናት፤ ያቺ እንጨት የምትበላዋ፣ አገር ምድሩ የሚጠላት።

«አንቺ ቤት በላ!» አለ ጃርት እሾሁን አቁሞ። «አምና የጎጆዬን ምሰሶ ቆርጥመሽ የጣልሽብኝ አንቺ አይደለሽም? ዛሬ ደግሞ ቤት ሠሪ ልትሆኚ?»

«እኔ ነኝ» አለች ምስጢት። «ቤት እንዴት እንደሚወድቅ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አለ?»

አባባ ኤሊ አንገቱን ብቅ አድርጎ ሳቀ። «ይህስ እውነት ነው። እስቲ ተናገሪ ልጄ።»

«አንዱን በአንዱ ላይ ደራርበን ሃያ ፎቅ ቤት እንሥራ፤ ለየቤተሰቡ አንዳንድ ፎቅ። ውኃው ከታች ይለፍ፣ እኛ ከላይ እንኑር።»

ምስጢት ልጅ ሳለች እናቷ የሠራችው ረጅም ኩይሳ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተንዶ ግማሽ ዘመዷን ቀብሯል። ለምን እንደተናደ እስከዚያች ቀን ድረስ አታውቅም። ዳግመኛ ወደ ላይ አልሠራም ብላም ምላ ነበር። የጥንቸልን ልጆች ስታይ ግን ዝም ማለት አቃታት።

ሥራ ተጀመረ። ሚዳቆ ጭቃ ትረግጣለች። ጦጢት ገመድ ትገምዳለች። ሽኮኮ ድንጋይ ያንከባልላል። የምስጢት ዘመዶች በሺህ በሺህ ወጥተው ጭቃውን በምራቃቸው ያቦካሉ፣ ጡብ ይሠራሉ። ጃርት ቆሞ ይተቻል። አንድ ፎቅ ወጣ፤ ሁለት ፎቅ ወጣ፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ቤቱ ወደ ሐይቁ ዘመም አለ።

«አላልኳችሁም?» አለ ጃርት።

ምስጢት መሬት ላይ ደፋ ብላ ከቤቱ ሥር ያለችውን ጥቁር የዋልካ አፈር አነጋገረቻት።

«እማማ ዋልካ፣ ምን በደልንዎት? ቤታችንን ለምን አዘመሙብን?»

«ልጄ፣ እኔ ክፋት የለኝም» አለች ዋልካ። «ዝናብ ሲመጣ አብጣለሁ፤ ፀሐይ ሲመጣ እሰነጠቃለሁ። ተፈጥሮዬ ነው። በሚያብጥና በሚሰነጠቅ ጀርባ ላይ ሃያ ፎቅ ይጫናል?»

«ታዲያ ምን ይሻለናል?»

«ከእኔ ሥር ታላቅ እህቴ አለች፤ አለት ትባላለች። እሷ አታብጥም፣ አትሰነጠቅም፣ አትነቃነቅም። እኔን እለፉኝና እሷ ላይ ቁሙ።»

ምስጢት ተነሥታ «የሠራነውን አፍርሰን እንቆፍር» አለች።

«ኧረ ጉድ ነው!» አለ ጃርት። «ወደ ላይ እንሂድ ያለችን ወደ ታች ልትወስደን ነው!»

«አዎ፣ ወደ ታች ነው። ከመካከላችን ደግሞ እንደ እርስዎ የሚቆፍር የለም፣ አያ ጃርት።»

ጃርት ያን ሁሉ ሰድቧት ሲያበቃ «እርስዎ» ትለኛለች ብሎ አልጠበቀም። ጥፍሩን አሾለና ገባበት። ሰባት ቀን ቆፈረ፤ አለት የለም። ዐሥራ አራት ቀን ቆፈረ፤ አለት የለም። በሃያ አንደኛው ቀን ጥፍሩ «ቋ!» አለ።

«ደረስኩ!» ሲል ከጉድጓዱ ጮኸ። «ታላቅየዋ እዚህ አለች!»

የድንጋይ ዓምዶች ከአለቱ ላይ ተነሥተው ዋልካን አልፈው ወጡ፤ ቤቱም በእነሱ ላይ ተጀመረ። አምስት ፎቅ ሆነ፤ አልዘመመም። ዐሥር ፎቅ ሆነ፤ አልዘመመም። በዐሥራ አንደኛው ግን አንድ ቀን ጧት ምስጢት ከወደ ታች «ወይኔ ወገቤ!» የሚል ድምፅ ሰማች።

ወረደች። ከሁሉም በታች ያለው ጡብ በቀጭኑ ተሰንጥቋል።

«ምን ሆንክ ወንድሜ?»

«ምን ልሁን!» አለ ጡቡ። «በላዬ ላይ ያለው ጡብ፣ በእሱ ላይ ያለው ጡብ፣ በዚያም ላይ ያለው ጡብ፣ ሁሉም እኔ ላይ ናቸው። ያ ከጫፍ የተቀመጠውስ ማንን ተሸከመ? ማንንም! ታዲያ ለምን የእኔን ያህል ወፈረ?»

ምስጢት ባለችበት ቀረች። የእናቷ ኩይሳ ትዝ አላት። ከታችም ከላይም እኩል ውፍረት ነበረው፤ ያ ነበር ውበቱ፤ እናቷም በዚያ ትኮራ ነበር።

«እናቴ ጡቡን አልጠየቀችውም» አለች ቀስ ብላ። እዚያው ተቀምጣ ጥቂት አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ወጣች። ከታች ያለው ግድግዳ በድንጋይ ይስፋ፣ ወደ ላይ እየወጣ ሲሄድ ይሳሳ፣ ከጫፍ ሲደርስ ሸምበቆና ስስ ምርጊት ብቻ ይሁን ብላ አዘዘች።

ሁሉም ተስማሙ፤ ጦጢት ስትቀር። ጦጢት የመጨረሻውን ፎቅ ለራሷ መርጣ ነበር፤ ወፍራም ግድግዳ ልታሠራ፣ ትልቁን የበቆሎ ጎተራዋንም እዚያ ልታስቀምጥ አስባለች።

«ከሁሉም በላይ የምኖር እኔ፣ ግድግዳዬ ከሁሉም ይሳሳ? ጎተራዬም ታች ይቅር? ምን ሲደረግ!»

«ከላይ የሚኖር ቀለል ማለት አለበት፣ እመት ጦጢት» አለች ምስጢት። «ከታች የሚሸከም አለ።»

ጦጢት ሦስት ቀን አኮረፈች። በአራተኛው ቀን ጎተራዋን ታች ተከለችው።

ዐሥራ አምስት ፎቅ፤ ዐሥራ ስምንት ፎቅ፤ ሃያ! ሚያዝያ ላይ ጣሪያው ተከደነ፤ ሁሉም እልል እያሉ ገቡ። ጥንቸል ዐሥራ ሁለተኛው ፎቅ ደረሳት። ልጆቿ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ሐይቁን ከላይ ሲያዩት «ትንሽ ነው እኮ!» አሉ።

ግንቦት ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋስ መጣ። ቤቱ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ እያለ እስክስታ ወረደ። ሚዳቆን አስመለሳት። ጅግራ ጫጩቶቿን ጠርታ ደረጃውን በሩጫ ወረደች። ሽኮኮም ወረደ፤ ጃርትም ወረደ። ጦጢት ብቻ ሃያኛው ፎቅ ላይ ምሰሶ አቅፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ቀረች። መውረድ አቃታት፤ መጮህ ብቻ ቻለች።

ጩኸቷን የሰማችው ጥንቸል ናት። ልጆቿን ለሚዳቆ ሰጥታ ወደ ላይ ወጣች።

«እጅሽን ስጪኝ» አለቻት። «ታች አትመልከቺ። አንድ ደረጃ ብቻ። ደግሞ አንድ ደረጃ ብቻ።»

እንዲህ እያሉ ሁለቱም ወረዱ።

እነሱ ሲወርዱ ምስጢት ወጣች። ጣሪያው ላይ በስድስት እግሮቿ ተጣብቃ ጮኸች።

«አባ ነፋስ! በምን አስቀየምንዎት?»

«ማን አስቀየመኝ?» አለ ነፋስ። «እኔ መንገደኛ ነኝ። ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ የማልፈው በዚህ ነው። መንገዴ ላይ ግድግዳ አቆማችሁ። በማዕዘኑ ልዞር ስል እሽከረከራለሁ። በግራ ስሽከረከር ቤታችሁን ወደ ግራ እስበዋለሁ፤ በቀኝ ስሽከረከር ወደ ቀኝ እስበዋለሁ። እኔንም እኮ አዞረኝ!»

«ምን እናድርግልዎት?»

«ማዕዘኑን ክብ አድርጉልኝ። ከመካከል ደግሞ አንድ ፎቅ ባዶ ተዉልኝ፤ በደጅ ገብቼ በጓሮ ልውጣ።» ከዚያ ነፋስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጨርሶ አይወዛወዝ ብለሽ ግን አትመኚ። ሸምበቆ ጎንበስ ብሎ ያሳልፈኛል፤ የሚገነደሰው ግትሩ ዛፍ ነው።»

ምስጢት ወርዳ ነገረቻቸው። ማዕዘኑን ክብ እናደርጋለን አሉ። ባዶ ፎቅ ሲባል ግን ሁሉም መሬት መሬት አዩ። ሃያ ቤተሰብ፣ ሃያ ፎቅ! የማን ይሰጥ?

ሽኮኮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ዕጣው... ያኔ በጥንቸል ላይ ወጥቶ አልነበር?»

ይህን ያህል ወር ሠርተው ሠርተው እዚያው ቃል ላይ ተመለሱ።

«ሃያ አንደኛ ፎቅ እንጨምር!» አለ ጃርት።

«ከታች ያለው ጡብ አይችልም፣ አያ ጃርት» አለች ምስጢት። « ጠይቄዋለሁ።»

ጥንቸል ልጆቿን ወደ ጎኗ ሰበሰበች። ያን ጊዜ ጦጢት ተነሣች።

«የጥንቸልን ፎቅ ለነፋስ ስጡት» አለች። «ጥንቸል እኔ ጋ ትገባለች። ጎተራዬ ታች ስለቀረ ቤቴ ሰፊ ነው።»

«ስድስት ልጆች ናቸው እኮ፤ ይረብሹሻል» አለች ጥንቸል።

«ይረብሹኝ! ነፋስ በመጣ ጊዜ ብቻዬን አልሆንም።»

ማዕዘኑ ክብ ሆነ። ዐሥራ ሁለተኛው ፎቅ ተከፈተ። ለዚህ ሥራ ጭቃ የሚያወጡት በቤቱ መካከል ከጣሪያው በተንጠለጠለ ወፍራም ገመድ ነበር፤ ጭቃውን እንዲያመዛዝን በገመዱ ሌላ ጫፍ አንድ ትልቅ ድቡልቡል ድንጋይ ታስሯል። አንድ ቀን ድንጋዩ ከጣሪያው አጠገብ ተንጠልጥሎ ሳለ ነፋስ መጣ። ሚዳቆ አፏን ይዛ ጠበቀች፤ ጠበቀች፤ ምንም የለም።

«ዛሬስ ለምን አላስመለሰኝም?» አለች።

ምስጢት ቀና ብላ ድንጋዩን አየችው። ቤቱ ወደ ግራ ሲል ድንጋዩ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ቤቱ ወደ ቀኝ ሲመለስ እሱ ገና ወደ ግራ ይሄዳል።

«አታውርዱኝ» አለ ድንጋዩ። «ዕድሜ ልኬን ሰነፍ፣ ዘገምተኛ ስባል ኖሬያለሁ። ቤታችሁ ሲቸኩል እኔ እዘገያለሁ፤ ስዘገይ ደግሞ ወደ ኋላ እጎትተዋለሁ። ለመዘግየት ሥራ ተገኘለት እኮ!»

ምስጢት መጀመሪያ ወደ ታች ወርዳ ጡቡን ጠየቀችው። «ይህን ድንጋይ ትችለዋለህ?»

«ፎቅ አልችልም» አለ ጡቡ። «አንድ ሥራ ያለው ድንጋይ ግን እችላለሁ።»

ሰኔ ግም አለ። ዝናብ ወረደ፤ ሐይቁ ሞላ፤ የአውድማዋን ግማሽ ውጦ የቤቱን ዓምዶች ከበበ። ነፋስም ከዝናቡ ጋር መጣ። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ጥርሳቸውን ነክሰው ተቀመጡ። በሁለተኛው ቀን ምግብ በሉ። በሦስተኛው ቀን የጥንቸል ልጆች ከጦጢት ጅራት ላይ ዥዋዥዌ ተጫወቱ። ነፋስ በዐሥራ ሁለተኛው ፎቅ እያፏጨ ገብቶ እያፏጨ ይወጣል። ቤቱ ትንሽ ጎንበስ፣ ትንሽ ቀና ይላል።

ሦስቱንም ቀን ምስጢት ከታችኛው ጡብ አጠገብ ጆሮዋን ሰጥታ ተቀመጠች። ጡቡ ቃል አልተነፈሰም።

«ደህና ነህ?» አለችው መጨረሻ ላይ።

«ዝም ስል ደህና ነኝ ማለት ነው» አላት። «በይ አሁን ሂጂና ተኚ።»

ክረምቱ ሲያልፍ በግንድ ላይ የተሳፈረች አንዲት ጉሬዛ ሁለት ልጆቿን አቅፋ ከማዶ መጣች። ጫካዋን ውኃ ወስዶባታል።

«ቦታ ይኖራችሁ ይሆን?» አለች እየፈራች።

ዕጣ ያለ የለም። «ለጊዜው እኔ ጋ ትጠጋለች» አለ ጃርት። ከዚያ ዞር ብሎ «ለከርሞ ሌላ ቤት ያስፈልገናል። ከየት እንጀምር፣ እትዬ ምስጢት?» ሲል ጠየቀ።

እትዬ ተብላ ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነበር። ምስጢት ፈገግ አለችና ጆሮዋን መሬት ላይ አስጠጋች።

«የሚሸከመንን በመጠየቅ» አለች።

የእኔ ወሬ እስከዚህ ነው፤ የቀረውን ጉሬዛዋ ታውራላችሁ። ስለዚህ ነው እንዲህ የሚባለው፦ ከፍ ብሎ መኖር የሚሻ፣ ዝቅ ብሎ ይጠይቅ።