ወረንጦ ያልወረሰችው ሙሽራ

አንድ ፍርድ ዐዋቂ ንጉሥ በግዛቱ ዳርቻ ሰንበሌጥ ሜዳ የምትባል አገር ነበረችው። ምድሯ ለምለም፣ ከብቷ የሰባ፣ ሕዝቧም እንግዳ ተቀባይ ነበረ፤ ነገር ግን የዓይን ማዝ የሚሉት ደዌ ከትውልድ ወደ ትውልድ እንደ ርስት ይተላለፍባት ነበር። ሕፃናቱ ዓይናቸው በዓይናር ተጋርዶ፣ ዝንብ ሰፍሮበት ያድጋሉ፤ ሲጎለምሱ የሽፋሽፍታቸው ጸጉር ወደ ውስጥ ይዞርና ብሌናቸውን እንደ እሾህ ይፍቀዋል፤ ሲያረጁ ደግሞ ፀሐይ በቀትር ትጠልቅባቸዋለች። ስለዚህ የሰንበሌጥ ሜዳ ሴት ሁሉ የገባውን ጸጉር የምትነቅልበት ትንሽ የብረት ወረንጦ በማዕተቧ ላይ አንጠልጥላ ትኖር ነበር። ልጅ ስትዳርም እናቲቱ ከሙሽራዋ ፊት ቆማ ወረንጦዋን ከአንገቷ ትፈታና በልጇ አንገት ታስራለች፤ ለራሷም ከቀጥቃጭ ዘንድ ሌላ ታሠራለች። «ዓይንሽን ይጠብቅልሽ» ትላለች፤ ሠርገኛውም እልል ይላል። ያ ስጦታ የሐዘን ምልክት መሆኑን ያስተዋለ አልነበረም፤ ሰው የለመደውን መከራ ጌጥ ማድረግ ያውቅበታልና።

ንጉሡ ይህን በሰማ ጊዜ ይኄይስ የተባለውን ሐኪሙን አስጠራ። ይኄይስ ገና ጎልማሳ ነበር፤ የዕፅዋትን ጠባይና የደዌን መነሻ ጠንቅቆ የተማረ፣ አንደበቱም እንደ ማር ወለላ የሚንቆረቆር ሰው ነበር።

«ሂድና አስተምር» አለው ንጉሡ። «ብዙ አልጠይቅህም። ከሰንበሌጥ ሜዳ ያለ ወረንጦ የምትዳር አንዲት ሙሽራ አሳየኝ፤ ያን ጊዜ ማስተማርህን ዐውቃለሁ።»

«አንዲት ብቻ፣ ጃንሆይ?» ብሎ ይኄይስ ፈገግ አለ። ሥራው ቀላል መስሎት ነበር።

ሕዝቡ በዋርካው ጥላ ሥር ተሰበሰበ። ይኄይስም ካባውን ደርቦ በመካከል ቆመና ደዌው ከዓይናር ወደ ዝንብ፣ ከዝንብም ወደ ሌላው ዓይን እንዴት እንደሚዛመት አስረዳ። በተናገረው ሁሉ አንዳች ሐሰት አልነበረበትም። በመጨረሻ ከፊት ረድፍ የተቀመጠች ታንጉት የምትባል ወጣት እናት፣ በጭኗም ላይ ዓይናለም የተባለች ሕፃን ልጇን አየ።

«ይህችን ሕፃን ተመልከቱ!» አለ ጣቱን ዘርግቶ። «ከዚህ እድፍ በታች ምን ያለ ውበት ተቀብሯል! በየማለዳው ፊቷ ቢታጠብ እንደ አጥቢያ ኮከብ ታበራ ነበር፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ቆሞ ያደንቃት ነበር!»

ታንጉት ልጇን በድንጋጤ ከነጠላዋ ሥር ሸሸገች። የቀሩት እናቶችም እንደ እርሷ አደረጉ። በጉባኤው ላይ ጸጥታ ወደቀ፤ ይኄይስ ግን የአድናቆት ጸጥታ መሰለው።

የአገሩ ጭቃ ሹም አባ ደምለው ጉሮሯቸውን ጠራርገው ተነሡ። «ንግግርዎ ማር ነው፣ ጌታዬ። ምን ያደርጋል፣ ማር ፊት አያጥብም! ውሃው ሩቅ ነው።» ሕዝቡ ሳቀ፤ ሳቁም እፎይታ ነበረበት።

ይኄይስ ይህን ለንጉሡ ነገረ። ንጉሡም ከተራራው ሥር የሚፈልቀውን ምንጭ በቦይ አስጠልፎ እስከ መንደሩ አወረደላቸው። ሐኪሙ በዓመቱ ሲመለስ ውሃው በየደጁ ይፈስሳል፤ እንስራው ተፈትጎ ጠርቷል፤ በሬው እንኳ ታጥቦ ያብረቀርቃል። የሕፃናቱ ፊት ግን እንደ ቀድሞው በእድፍ ተሸፍኖ ነበር። ይኄይስ በቁጣ በቅሎውን መለሰ፤ ከንጉሡም ፊት ቆሞ እጁን አራገፈ።

«ጃንሆይ፣ ተናገርሁ፤ አልሰሙም። ውሃ መጣላቸው፤ ለከብት አደረጉት። አባቶች ‹ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው› ብለዋል። እንግዲህ መከራ ይምከራቸው።»

ንጉሡም «እምቢ ያለው ማን ነው?» ሲል ጠየቀ።

«እናቶቹ።»

«መከራ የሚመክረውስ የማንን ዓይን ነው?»

«የልጆቹን» አለ ይኄይስ።

«መከራ ክፉ የኔታ ነው» አለ ንጉሡ። «እናት ጥፋት ብታጠፋ የሚገርፈው ልጅን ነው። ለመሆኑ ለምን እንደማያጥቡ ጠየቅሃቸው?»

«ውሃው ሩቅ ነው አሉ፣ ጃንሆይ።»

«እሱን ነገሩህ። እኔ ጠየቅሃቸው ወይ ነው ያልሁ።»

«አልጠየቅሁም» አለ ሐኪሙ። በሚቀጥለው ክረምት፣ በአረም ወራት፣ ካባውን ትቶ፣ አጃቢም ሳያስከትል ወደ ሰንበሌጥ ሜዳ ወረደ። በአባ ደምለው ቤት አደረ፤ ሰው ሲያርም አብሮ አረመ፤ ለቅሶ ሲሆን ለቅሶ ደረሰ። ማለዳ ማለዳ ከቦይ ዳር ቁጭ ብሎ ፊቱን ይታጠባል፤ ለማንም ግን ታጠቡ አይልም። መጀመሪያ ሰሞን ሰዎች ሲያዩት «ንግግር ሊጀምር ነው» እያሉ መንገድ ይቀይሩ ነበር። እየዋለ ሲያድር ግን ዝምታውን ለመዱት፤ አባ ደምለውም «የእኛ ሐኪም ማሩን ጨርሶ ሰፈፉ ቀረ» እያሉ ይቀልዱበት ጀመር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ታንጉት ከደጇ ተቀምጣ የሽፋሽፍቷን ጸጉር ትነቅል ነበር። ዓይናለም በአጠገቧ ትጫወታለች፤ ዝንቡም ከሕፃኗ ዓይን ተነሥቶ በእናቲቱ ዓይን ያርፋል።

«እንደምን ዋልሽ፣ እኅቴ?» አለ ይኄይስ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ይቀመጡ። ዛሬም የውሃ ነገር ነው?» አለች ወረንጦውን ሳታወርድ።

«የለም። ልናገር አልመጣሁም፤ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«ሐኪምም ይጠይቃል እንዴ? እኛ እኮ ሁሉን የሚያውቁ መስሎን።»

«እኔም መስሎኝ ነበር።»

ታንጉት ሳቀች። ሳቋ ሲበርድ ግን ፊቷ ጠቆረ፤ ድምፅዋንም ዝቅ አደረገች። «ከዚህች በፊት ሌላ ልጅ ነበረችኝ። ለመስቀል ፊቷን አጥቤ፣ ጸጉሯን ቅቤ ቀብቼ አዝያት ወጣሁ። አንድ መንገደኛ ቆመና ‹ምን ያለች ውብ ልጅ ናት!› አለ። እንትፍ እንኳ አላለም። ሳምንት ሳይሞላት ዓይን በላት። ከዚያ ወዲህ እድፍ የልጄ ጋሻ ነው። እርስዎ ደግሞ መጡና በጣትዎ እያመለከቱ ‹አላፊ አግዳሚው ያደንቃታል› አሉ። ጌታዬ! በዚያች ሌሊት ስንት እናት እንቅልፍ አጥታ እንዳደረች እርስዎ ምን ያውቃሉ?»

ይኄይስ አሁን ገባው። ለዋርካው ጉባኤ ሽልማት አድርጎ ያቀረበው ነገር እነዚህ እናቶች ከሞት እኩል የሚፈሩት ነበር። ንግግሩን ማር አሉት፤ ለእነርሱ ግን ጦር ነበር። «የሰው ዓይን ሰው አይበላም» ብሎ ሊከራከር ቃሉ ከምላሱ ጫፍ ደረሰ፤ የሞተችውን ልጅ አሰበና መለሰው።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለ ይልቁንስ። ቀጥሎም «አንቺንስ እናትሽ ፊትሽን ታጥብሽ ነበር?» ሲል ጠየቃት።

«ከየት! እሷም እንደ እኔ ትፈራ ነበር።»

«ይህ ወረንጦስ?»

«የእሷ ነው። በሠርጌ ቀን…» ብላ ጀመረች፤ አልጨረሰችውም። ወረንጦውን ከዓይኗ አወረደችና በመዳፏ ላይ አኑራ ተመለከተችው። ከዚያ ዓይናለምን አየች፤ የሕፃኗን ቀጭን አንገት አየች። «ከሰው ዓይን የሰወረችኝ መስሏት የራሴን ዓይን አሳጣችኝ ማለት ነው?» አለች በቀስታ። «እኔስ አሁን የማደርገው ይኸንኑ አይደል?»

ጥያቄዋ የራሷ ነበረና ይኄይስ መልሱን አልቀማትም።

«ከሁለቱም የሚጠብቃት ነገር የለም ወይ? ከሰው ዓይንም፣ ከዝንቡም?» አለች ታንጉት።

«እኔ አላውቅም፣ እኅቴ። አብረን እንፈልግ።»

ታንጉት ተነሥታ ልጇን ወደ ቦዩ ወሰደቻት። ይኄይስም የሚያውቀውን ነገራት፤ ውሃው ብዙ መሆን እንደማያስፈልገው፣ እፍኝ እንደሚበቃ፣ የአንዱን ዓይን በጠረጉበት ጨርቅ የሌላውን መጥረግ እንደማይገባ አሳያት። እድፉ ሲለቅ የሕፃኗ ፊት ወለል አለ። ታንጉት ወዲያው ወደ ቤት ሮጠች፤ ከምድጃው ላይ የድስቱን ግርጌ በአውራ ጣቷ ዳስሳ ተመለሰችና በልጇ ግንባር መካከል ጥቁር ጥላሸት አተመች።

«ፊቷ ይጥራ፤ ግንባሯ ግን ይህን ይልበስ። የሚያያት ዓይን እዚህ ላይ ይረፍ!» አለች።

ይኄይስ አመነታ። የተማረባቸው መጻሕፍት ሁሉ በልቡ ተነሥተው ጮኹበት፤ የመምህራኑ ሳቅ በጆሮው ተሰማው። ነገር ግን የዓይናለም ዓይኖች፣ የዝንብ መጋረጃ ተገልጦላቸው፣ ቁልጭ ብለው ያዩት ነበር። ጎንበስ አለና ወደ መሬት «እንትፍ! እንትፍ! ምን ያለች አስቀያሚ ልጅ ናት!» አለ።

ታንጉት ከልቧ ሳቀች። «አሁን ገና ሐኪም ሆኑ!» አለችው።

ከዚያ በኋላ ይኄይስ በዋርካው ሥር ጉባኤ አልጠራም። ወሬውን ያዳረሰችው ታንጉት ናት፤ እናቶች ውሃ ሲቀዱ በቦዩ ዳር ተመካከሩ፤ ልጆች ፊታቸውን ሳይታጠቡና ጥላሸት ሳይነኩ ከደጃፍ እንዳይወጡ ተስማሙ። ያልተቀበሉም ነበሩ፤ አልተሰደቡም። ከጎረቤቶቻቸው ልጆች ግንባር በታች የሚያበሩትን ዓይኖች ባዩ ጊዜ ብዙዎቹ በየጊዜያቸው መጡ። አባ ደምለው እንኳ አንድ ማለዳ ፊታቸውን ታጥበው፣ ሽበት ባለው ግንባራቸው ላይ ጥላሸት አስነክተው ብቅ አሉ። «እኔንስ ቢበሉኝ?» ሲሉ መንደሩ በሳቅ ፈረሰ። ዓመታት ሲያልፉ ጥላሸቷ ከአውራ ጣት ወደ ትንሽ ጣት፣ ከዚያም ወደ ጤፍ ቅንጣት አነሰች፤ በአንዳንዱ ቤትም ተረሳች። እንድትቀር ያዘዘ ሰው አልነበረም።

ዓይናለም ለአቅመ ሔዋን ደርሳ የሠርጓ ቀን በሆነ ጊዜ፣ የሸበተው ንጉሥ ይኄይስን አስከትሎ ወደ ሰንበሌጥ ሜዳ መጣ። ዘፈኑ ደምቆ ወረንጦ ከሚታሰርበት ዜማ ደረሰ። ታንጉት ተነሣች። ያረጀው ደዌዋ አልማራትም፤ አንዱ ዓይኗ ጠፍቷል፣ ሁለተኛው ጭጋግ ለብሷል። ስለዚህ የልጇን ፊት በጣቶቿ ዳሰሰች፤ ሽፋሽፍቷን አንድ በአንድ ነካች፤ ሁሉም ወደ ውጭ እንደ አበባ ቅጠል ተዘርግቷል። ታንጉት ወረንጦውን ከአንገቷ ፈታች፤ በልጇ አንገት ግን አላሰረችውም። በጭጋጓ ውስጥ ወደ ንጉሡ አቅጣጫ ዞራ እጇን ዘረጋች።

«ጃንሆይ» አለች፣ «ይህ ከእናቴ የወረስሁት ነው። ወራሽ አጣ፤ እርስዎ ይውሰዱልኝ።»

እልልታው ከዚያ በኋላ ሆነ፤ የቀድሞው እልልታ ግን አልነበረም። ንጉሡ ወረንጦውን በመዳፉ ይዞ ወደ ሐኪሙ ዞረ። «በግንባራቸው ጥላሸት ሲቀቡ ዝም ብለህ አይተሃል ይሉኛል። እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ ጃንሆይ። ጥላሸት ግንባርን ያጠቁራል እንጂ ብሌን አያጠፋም።»

«እንግዲህ መክረህ አዳንሃቸው በለኛ።»

«የለም፣ ጃንሆይ» አለ ይኄይስ። «የመከርሁ ጊዜ ማንንም አላዳንሁም። ተመካከርን።»

ወዳጄ ሆይ፣ ምክር ከአንድ አፍ ይወጣል፤ ምክክር ግን ሁለት ጆሮ ይፈልጋል፤ ምክክር ከሌለበት ቤት የሚገባው መከራ ነው። ስለ ጤና የሚያስተምር ሰው ዓላማው ሕዝቡ እንዲታዘዘው አይደለም፤ የገዛ ዓይኑን በገዛ እጁ እንዲጠብቅ ነው። ለዚህም ከሚያውቀው ሳይሆን ሰዎቹ ከሚያውቁት ይጀምራል፤ የሚጎዳውን ልማድ ከማይጎዳው ይለያል፤ መፍትሔውንም ከእነርሱ ጋር ይፈልጋል፤ ሰው አብሮ ያበጀውን አይጥለውምና። ከእልከኝነት በስተጀርባ ብዙ ጊዜ ፍርሃት አለ፤ ከፍርሃቱም በስተጀርባ ፍቅር አለ። ታንጉት ልጇን በእድፍ የሸፈነችው ስላልወደደቻት አልነበረም።

አንተስ «ነገርኋቸው፤ አልሰሙም» ብለህ የተውሃቸው ሰዎች እነማን ናቸው? ምን እንደሚፈሩ ጠይቀሃቸው ታውቃለህ?