ሰባት ጎረቤቶች የተካሰሱበት ሕልም

አንድ ሸማኔ ነበረ። ስሙ ጥላዬ ይባላል። ቤቱ ከወንዙ በላይ በአፋፉ ላይ ከተደረደሩት ሰባት ቤቶች አንዱ ነው። እንደ አገሩ ሸማኔ ሁሉ በቤቱ ወለል ላይ በቆፈራት ጉድጓድ ውስጥ እግሮቹን ሰዶ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ሲወረውር ይውላል። ሃያ ዓመት ሙሉ ከዚያች ጉድጓድ የወጣው ለእህል፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለቀብር ብቻ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ክረምቱ ሲወጣ አንድ ሕልም ይመላለስበት ጀመር። በሕልሙ እንደ ልማዱ ለሥራ ይቀመጣል፤ እግሮቹን ወደ ጉድጓዱ ይሰዳል፤ ጉድጓዱ ግን መጨረሻ የለውም። ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ታች ሳይደርስ ባንኖ ይነሣል። መጀመሪያ በሳምንት አንድ ቀን ነበር፤ ቆይቶ ሦስት ቀን ሆነ። እንቅልፉን ሊቀንስ ሞከረ፤ ነገር ግን ሕልም ተፈርቶ ሳይተኙ አይታደርም። ሚስቱ ማንጠግቦሽ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ ወሯ ገብቷል። ጥላዬም ሕልሙ የሚያወራው ስለ እሷ ይሆን እያለ ይሰጋል። ፍርሃቱ ሲበዛበት አንድ ጋቢ ለእጅ መንሻ ጠቅልሎ በገበያው ዳር ወዳለው ሕልም ፈቺ ሄደ።

«አባ፣ ክፉ ሕልም እያየሁ ተቸገርኩ።»

«ለመልካም ያድርግልህ። እስቲ ንገረኝ።»

ነገረው። ሕልም ፈቺው ፈገግ አለ።

«ደስ ይበልህ ልጄ። ሕልም በግልባጩ ነው የሚፈታው። በሕልሙ ያለቀሰ ይስቃል፣ የሞተ ዕድሜው ይረዝማል፣ የወደቀ ደግሞ ከፍ ይላል። አንተም ከፍ ልትል ነው። ብቻ አደራ፣ ለማንም እንዳትተነፍስ። የተነገረ መልካም ሕልም ይነጠቃል።»

ሸማኔው እየፈራ ሄዶ እየተንጎማለለ ተመለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሕልም ሲመጣ በደስታ ይቀበለው ጀመር። እንዲያውም ሳያየው ያደረ ሌሊት ቅር ይለዋል። የጉድጓዱ ግድግዳ እየረጠበ መምጣቱን፣ አፈሩም እግሩ ላይ እየተፈረፈረ መውደቁን አይቶ ነበር። ግን ሹመት ወይም ሀብት ደጁን ሊያንኳኳ የተቃረበ ሰው ስለ እርጥብ አፈር ምን አስጨነቀው? አንድ አሮጌ ጆንያ አጥፎ ከእግሩ ሥር አነጠፈና ሥራውን ቀጠለ።

ያን ሰሞን በአፋፉ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ጠባዩ ተለውጦ ነበር። ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣ የነበረው የበቅሎ ነጋዴው ጓንጉል፣ አሁን በአገጩ ብቻ ሰላምታ ይሰጣል። አንጥረኛው የሰው ማረሻ መጠገን እንደ ውርደት ቆጠረው። ጠላ ሻጯ እንኳ ለደንበኞቿ ፊቷን አዙራ መቅዳት ጀመረች። ሁሉም ሌላውን «ምስኪን፣ ገና ምን እንደሚመጣልኝ አላወቀ» በሚል ዓይን ያያል። እንዲህ ያለ መንደር ውስጥ መኖር መቼም አያድርስ ነው።

ጥላዬ ምስጢሩን ከሰው ሁሉ ሲደብቅ ከሚስቱ ግን አልደበቀም። ባል ከሚስቱ ምን ይደብቃል? አንድ ቀን ጠዋት ማንጠግቦሽ ምንጭ ስትወርድ የጓንጉልን ሚስት ትጓደድን አገኘቻት።

«አንቺ፣ በዚህ ሆድሽ ውኃ ትቀጂያለሽ?» አለቻት ትጓደድ። «ባልሽ ሰው አይቀጥርልሽም? እኔስ መቅዳቱ የሚቀርልኝ ጊዜ ደርሷል።»

«ምን ተገኘ?»

«ተይው፣ አይነገርም።»

«እኛም አንነግርም እንጂ አለን» አለች ማንጠግቦሽ ቆጣ ብላ። «የእኔ ባል በየሌሊቱ ሲወድቅ ነው የሚያድረው። ፍቺውን ብታውቂ እንዲህ አትኮሪብኝም ነበር።»

ትጓደድ እንስራዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ሲወድቅ? እንዴት ነው የሚወድቀው? ባሌ ነው እንጂ የሚወድቀው! ከነበቅሎው ነው የሚወድቀው!»

«የባሌን ሕልም ሰረቃችሁ በይኛ!»

«እናንተ ናችሁ እንጂ ሌቦቹ!»

ሁለት እንስራ ተሰበረ። እስከ እኩለ ቀን ባሎቹ በዱላ ሊተያዩ ደርሰው ነበር። ገላጋይ ሆኖ የመጣው አንጥረኛ የጠቡን ምክንያት ሲሰማ በገላጋይነት ፈንታ ሦስተኛ ባለጉዳይ ሆነ። ወሬው እየሰፋ ሲሄድ ሌሎቹም ወጡ። በማግስቱ ከአፋፉ የመጡ ሰባት ሰዎች፣ ሰባቱም ከሳሽ፣ ሰባቱም ተከሳሽ ሆነው በመንደሩ ዳኛ ፊት ቆሙ።

ዳኛው ሽማግሌ ነበሩ። የድንበርም የጥጃም ክርክር አይተዋል፤ የሕልም ስርቆት ክስ ግን አልገጠማቸውም። ቢሆንም አልሳቁም። ሁሉም በየተራ እንዲናገር አደረጉ። አንጥረኛው ከነወናፉ ሲሰምጥ ያያል። ጠላ ሻጯ አልጋዋ ከሥሯ ይጠፋባታል። ጓንጉልን በበቅሎው እግር ሥር መሬቱ ይከዳዋል። ከቤቱ እምብዛም የማይወጣው ደብተራ እንኳ መጽሐፉን እንደያዘ ቁልቁል ይሄዳል። ለሁሉም የተሰጠው ፍቺ አንድ ነው፤ ከፍ ትላለህ፣ ዝም በል።

ዳኛው ሕልም ፈቺውን አስጠሩት።

«ሰባት ሰው አንድ ዓይነት ሕልም ሲነግርህ አልገረመህም?»

«ጌታዬ፣ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን መጡ፤ እኔም ለእያንዳንዳቸው ብቻቸውን መለስኩ» አለ ሕልም ፈቺው ሳይደነግጥ። «የአንዱን ሕልም ለሌላው ማውራት ለእኔ ነውር ነው። ደግሞስ በሕልሙ ያልወደቀ ሰው አለ?»

በዚህ ጊዜ ችሎቱን ሊያይ ከተሰበሰበው ሰው አንዱ «እውነቱን ነው! እኔ ሩጥ ሩጥ ይለኛል፣ እግሬ ግን አይነሣልኝም» አለ። አጠገቡ ያለች ሴት ደንግጣ አየችው። «እኔንም እንደዚያው ነው የሚያደርገኝ!» አለች። ከወዲያ አንዱ ጥርሱ በሙሉ እጁ ላይ ሲረግፍ እንደሚያድርና ዘመድ ሊሞትብኝ ነው እያለ ለዓመታት ሲሳቀቅ እንደኖረ ተናገረ። አንድ የተከበሩ አዛውንት አንገታቸውን ደፍተው ራቁታቸውን ገበያ መሀል ቆመው እንደሚያዩ ሲናገሩ፣ አራት ሰው «እኔም!» ብሎ ጮኸ። ሳቅ ሆነ። አንዳንዱ ግን ከሳቁ ጋር እንባውን ይጠርግ ነበር። ለካ ሰው ሁሉ ለብቻው ሲፈራ ኖሯል።

ዳኛው ጫጫታው እስኪበርድ ጠበቁ። ከዚያም «ከላይኛው ሰፈር በየሳምንቱ የሚወድቅ አለ?» ብለው ጠየቁ። አንድም እጅ አልወጣም። «ከክረምቱ በፊት የጀመረውስ?» ከሰባቱ አንድም አልነበረም።

«እንግዲያው ፍርዱ ቤታችሁን ካየሁ በኋላ ነው። ምሩኝ» አሉ።

መጀመሪያ የሸማኔው ቤት ገቡ። በዚያ ዕድሜያቸው ተንበርክከው ጆንያውን ከጉድጓዱ አወጡና ግድግዳውን በመዳፋቸው ነኩት። አፈሩ እንደ እርጥብ የጠላ አሻሮ እጃቸው ላይ ቀረ። ከዚያ በፍየል መንገድ ወደ ወንዙ ወረዱ፤ ሰዉም ተከተላቸው። ከታች ሆነው ሽቅብ አዩ። ወንዙ በክረምቱ ሙላት ሥሩን በልቶት ኖሮ፣ አፋፉ እንደ ጣሪያ ክፈፍ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ሰባቱ ቤቶች ያሉት በዚያ ላይ ነው። ዓይናቸው እያየ አንድ ጓል ተፈልቅቆ ወንዙ ውስጥ ጧ ብሎ ወደቀ።

«አፈሩ ሲፈርስ ቀን በሥራችሁ ጫጫታ አትሰሙትም» አሉ ዳኛው። «ስትተኙ ግን ጆሯችሁ መሬቱ ላይ ነው። አካላችሁ ሰምቶ በየሌሊቱ ነገራችሁ፤ እናንተ ሹመት ነው አላችሁ። ሰባታችሁ አንድ ቀን ተቀምጣችሁ ብታወሩ ኖሮ ዳኛ አያስፈልጋችሁም ነበር። በሉ ዛሬውኑ ውጡ።»

ስድስቱ ዕቃቸውን ማውጣት ጀመሩ። ጓንጉል ግን በሩ ላይ ቆሞ እጁን አጣመረ።

«እኔ አልወጣም። ይኼ ተመካክራችሁ ዕድሌን ልትነጥቁኝ ነው። እኔ ስወጣ አንዳችሁ ልትገቡ ነው።»

ትጓደድ ለመነችው፤ አልሰማትም። ዳኛው ቢቆጡትም ንቅንቅ አላለም። እሷም «አንተን ትቼ የት እሄዳለሁ?» ብላ ከኋላው ገብታ ቁጭ አለች። ከሥራቸው አፈር ሲፈርስ በግልጽ ይሰማል።

ጥላዬ የሽመና ዕቃውን በትከሻው ተሸክሞ በዚያ ሲያልፍ ቆመ። ትናንት በዱላ ሊማታው የነበረው ይኸው ጓንጉል ነው። እውነቱን ለመናገር ያ «ከፍ ትላለህ» የሚለው ቃል ከራሱ ከጥላዬም ልብ አልወጣም ነበር። ለሚወለደው ልጅ ስንት ነገር አስቦበታል፤ እሱ ያጣውን ሁሉ በዚያ ሕልም ሊሰጠው ነበር። ዕቃውን አወረደና ወደ ዳኛው ዞረ።

«ዳኛ፣ ይመስክሩልኝ። እኔ ጥላዬ ሕልሜን ከነፍቺው ለጎረቤቴ ለጓንጉል ሰጥቻለሁ። ሹመትም ቢሆን ሀብትም ቢሆን የእሱ ነው። ተመልሼ አልጠይቅም። ልጄም አይጠይቅም።»

«ለምን?» አለ ጓንጉል።

«እኔ ከፍ ብዬ አንተ ከታች ብትቀበር ምን ያደርግልኛል? ስትወድቅ ከማይህ ደሃ ሆኜ ብሞት ይሻለኛል። ዕድሉን ይዘኸው ና። ብቻ ውጣ።»

አንጥረኛው መዶሻውን አስቀምጦ «የእኔንም ውሰደው» አለ። ጠላ ሻጯም ቀጠለች። ደብተራው ትንሽ አመነታ፤ ኋላ ግን እሱም ሰጠ። አምስተኛዋና ስድስተኛውም ጎረቤት ተከተሉ። ጓንጉል ስድስት ሰው ፊቱ ቆሞ ተስፋውን ሲያስረክበው ያጣመረውን እጁን ፈታ። ሊጣላቸው ቢፈልግ እንኳ የቀረ ነገር የለም። ሚስቱን እጇን ይዞ ወጣ።

በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ አፋፉ ተደርምሶ ሄደ። ሰዎቹ በላይኛው ሰፈር ዳስ እየሠሩ ነበር። ድምፁን ሰምተው ሲሮጡ ሰባቱ ቤቶች የነበሩበት ቦታ አቧራ ብቻ ሆኗል። ጓንጉል በሩ የነበረበትን ቦታ አየ። ከዚያ ያ ኩሩ ሰው በሕዝብ ፊት ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ጥላዬ ሄዶ አጠገቡ ቆመ። በዚያው ሳምንት ማንጠግቦሽ በዳሱ ውስጥ ወንድ ልጅ ወለደች። እናቱን ደግፋ የያዘችው፣ ልጁንም የተቀበለችው ትጓደድ ነበረች።

ይህን ታሪክ ያጫወቱኝ ሰው ሲጨርሱ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አሉኝ። እኔም ወደ ቤቴ ስመለስ አሰብኩት። ትምህርት ከጨረስኩ ስንት ዘመኔ፤ ዛሬም በሕልሜ ፈተና ላይ ተቀምጬ አንድም መልስ አላውቅም። ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ሞኝ ያሉኛል ብዬ ነው። ለባልደረባዬ ስነግረው «አንተም?» አለኝ፤ ቀጥሎም በሥራችን ሁለታችንም ከአቅማችን በላይ የተሸከምነውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ተነጋገርን።

ሕልም ሁሉ ገደል አለው ማለቴ አይደለም፤ ብዙው እንዲሁ ሕልም ነው። ነገር ግን ፍርሃታችንን ለብቻችን ስንይዘው ወይ ያሳፍረናል፣ ወይ ደስ ባለን መንገድ እየፈታነው እንታለላለን። ከጎረቤት ጋር ሲወራ ግን አፈሩን ወርደን እንድናይ ያደርገናል። እንግዲህ እናንተም አስቡት፤ እናንተ ለብቻችሁ የምትፈሩትን ያንን ነገር፣ ከግድግዳው ወዲያ ያለው ሰውም ለብቻው እየፈራው ይሆን?