የይርዳው ፈረስ እንቅልፍ

ተረት አለኝ፣ ጠጋ በሉ፤ በዚህኛው በረት ላም የለም፣ ፈረስ ነው ያለው።

ይርዳው የሚባል ሰው ነበር። የሟች ወንድሙ ልጅ ዘመናይ ያን ቀን ትዳራለች። ያሳደጋት እሱ ነውና ጉልበቱን ስማ፣ ምርቃቱን ተቀብላ ነው የምትወጣው። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሙሽራዋ ሳትወጣ መድረስ። መንገድ ዳር አረፍ ብሎ ኮርቻውን አወረደ። ዳማ ፈረሱም ሣሩን ጠገበ፣ አፈር ላይ ተንከባለለ፣ አራት እግሩን ዘርግቶ ፀሐይ ላይ እንቅልፉን ለጠጠ።

ይርዳው ፊቱን ታጥቦ ከወንዝ ሲመለስ አንድ አውቶብስ ቆሟል፤ ተሳፋሪው ፈረሱን ከቦ፣ ማንንም ሳያስጠጋ፣ ከንፈሩን ይመጥጣል። ከልብ ካዘኑ እንባ አይገድምና ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ ሴት ኮርቻው ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ፤ በነጠላቸው ዝንብ ያባርሩለታል።

«እሜቴ፣ ተኝቶ እኮ ነው! ኮርቻዬን ይስጡኝ።»

«ወግድ! እየሞተ ልትጭነው ነው? ውሃ ካልቀመሰ አልነሳም!»

ይርዳው መቅጃ የለውም፤ ከተሳፋሪዎቹ ውሃ የያዘው ነጋዴው ደስአለኝ ነው።

«ወንድሜ፣ አጠጣልኝ።»

«ጠበል ሳይነካው? ኋላ በእኔ እጅ ሊሞት!»

ነጋዴው አያጠጣም፣ ሴትዮዋ አይነሱም፣ ይርዳው አይደርስም።

ጠበሉ ያለው አብረው ከተሳፈሩት ቄስ ዘንድ ነው።

«አባቴ፣ ይርጩልኝ።»

«ፊቱ ወደ ምሥራቅ ካልዞረ አልረጭም፣ ልጄ።»

ቄሱ አይረጩም፣ ነጋዴው አያጠጣም፣ ሴትዮዋ አይነሱም፣ ይርዳው አይደርስም።

ከአውቶብሱ ወደወረዱት ጎረምሶች ሄደ።

«እባካችሁ አዙሩልኝ።»

«ጋሼ፣ የታመመ በእጅ አይጎተትም። ገመድ ይምጣ።»

ጎረምሶቹ አያዞሩም፣ ቄሱ አይረጩም፣ ነጋዴው አያጠጣም፣ ሴትዮዋ አይነሱም፣ ይርዳው አይደርስም። ፀሐይዋ ግን ማንንም አትጠብቅም፤ ዘቅዘቅ አለች።

ገመዱ አውቶብሱ ጣራ ላይ ጭነት አስሯል።

«ሾፌር፣ በወላዲቷ፣ ገመዱን ፍታልኝ!»

«ለፈረስ? ጭነቴን በምን ልሰር?»

ሾፌሩ አይፈታም፣ ጎረምሶቹ አያዞሩም፣ ቄሱ አይረጩም፣ ነጋዴው አያጠጣም፣ ሴትዮዋ አይነሱም፣ ይርዳው አይደርስም፣ ሙሽራዋም አትመረቅም።

ከዚያ ሁሉ ሰው ለፈረሱ ያላዘነ ሾፌሩ ብቻ ነበር። «የሚሳፈር ይሳፈር!» ብሎ ጡሩምባውን አንባረቀው።

ዳማው አንድ ዓይኑን ገለጠ። ጆሮውን አቆመ። ብድግ ብሎ አፈሩን በሁሉም ላይ አራገፈባቸው።

ፈረሱ ሲነሳ ገመዱ ቀረ፤ ገመዱ ሲቀር ጎረምሶቹ ተሳፈሩ፤ ቄሱ ከያዙት አይቀር ሰዉን ረጩ፤ ነጋዴው ውሃውን ራሱ ጠጣ፤ ሴትዮዋም «ዳነ!» ብለው እልል እያሉ ከኮርቻው ተነሱ። ይርዳው ክፉ እንዳላሰቡበት ያውቃልና «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ጋለበ።

ዘመናይ ሚዜዎቹን ደጅ አስቁማ ታለቅስ ነበር። ሲወርድ ጉልበቱ ላይ ተደፋች።

«አባዬ፣ ምን አግኝቶህ ዘገየህ?»

«ፈረሴ ጤነኛ ሆኖብኝ ነው፣ ልጄ» አለና መረቃት።

ተረቴም ከፈረሷ እዚህ ትውረድ፤ ደክሟት ሳይሆን ደርሳ ነው።