አያ ጃርት እንስራ ሊነግድ

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ አንተም እግርህን ሰብስብ። ድሮ ድሮ፣ አራዊት ጎጆ ይቀልሱ በነበረ ጊዜ፣ በአንድ አገር አያ ጃርት የሚባል ብልጥ ነበር። ብልጥ ስላችሁ፣ ሰነፍ ብልጥ! ደቦ ሲጠሩት «ወይ ወገቤን!»፤ ለቅሶ ድረስ ሲሉት «ወይ ወገቤን!» እያለ ይተኛል።

አንድ ዓመት ድርቅ ገባ። ምንጩ ሁሉ ነጠፈና አገሬው ውሃ ከሩቅ ወንዝ ይቀዳ ጀመር። አያ ጃርት ይህን አየና፣ «ዘንድሮ እንስራ የማይፈልግ ማን አለ? ሸክላ ሠርቼ እነግዳለሁ» አለ። እውነቱን ነው፤ ገበያውንስ አውቆታል። የዓመት ቀለቡን አሟጦ በማገዶና በሣር ለወጠ። ለሸክላው ማድረቂያ ደጁ ላይ የጎጆ ግድግዳ አቆመ፤ እንስራውን አበጅቶ እንዲደርቅ መሃሉ ደረደረ። የጎጆውንም ክዳን መሬት ላይ ሠርቶ ጨረሰ። ክዳን ግን ብቻውን ማን ያነሳዋል?

በዚህ መሃል ሰማዩ ጠቆረ። አንድ ዝናብ የነጠፈ ምንጭ አይመልስም፤ ያልተተኮሰ ሸክላ ግን ጭቃ ያደርጋል። አያ ጃርት በረረ።

«አያ ዝንጀሮ፣ በሞቴ ክዳን አንሳልኝ!»

«ወይ ወገቤን!» አለ ዝንጀሮ።

«አያ ከርከሮ!»

«ወይ ወገቤን!»

ሚዳቋ እንኳ፣ ያቺ ቀጭኗ፣ ቁጥቋጦ እየዘለለች «ወይ ወገቤን!» አትለውም መሰላችሁ?

እያለቀሰ ሲመለስ «ኡ ኡ! የጎረቤት ያለህ!» የሚል ጩኸት ሰማ። እመት ሽኮኮ ናት። አፈር ተንዶ ልጆቿን ጉድጓድ ውስጥ ዘግቶባቸዋል። ጎረቤቱ ሁሉ ሮጦ ደረሰ፤ ግን ከርከሮ ወፍራም፣ ዝንጀሮ ቁፋሮ አያውቅ፣ የሚዳቋ ሰኮና አይቆፍር፤ በጠባቡ ገብቶ የሚቆፍር ጠፋ።

አያ ጃርት ወደ ሰማዩ አየ፤ ወደ ቤቱም አየ። «ሸክላ ይፍረስ፣ ልጅ አይሙት!» ብሎ ገባና ይቆፍር ጀመር።

«አያችሁት?» አለ ዝንጀሮ። «የዓመት ጉርሱን ጥሎ እኮ ነው የገባው! እኛ እዚህ ምን ይገትረናል? ተነሡ፣ ወደ ጎጆው!»

አያ ጃርት ጥፍሩ እስኪደማ ቆፍሮ ልጆቹን አንድ በአንድ አወጣ። እናታቸው «ተመስገን!» ስትል ዝናቡ ዶፉን ለቀቀው። አያ ጃርት «አለቀልኝ፣ ባዶዬን ቀረሁ!» እያለ ወደ ቤቱ ሮጠ።

ደጁ ሲደርስ ክዳኑ ግድግዳው ላይ ወጥቷል። ጎረቤቶቹ ከሥሩ ተጠልለው ይስቃሉ፤ አንድ እንስራ እንኳ ጠብታ አልነካውም። አያ ጃርት «እፎይ! እፎይ! እግዜር ይስጥልኝ ወገኖቼ!» እያለ በደስታ አለቀሰ።

ሸክላው ተተኩሶ ገበያ ወጣ፤ ተሸጠም። ታዲያ የዚያን ጊዜ ሽማግሌዎች ምን አሉ መሰላችሁ?

«ገበያ ያወቀ ሸክላ ይሠራል፤ ጎረቤት ያወቀ ከዝናብ ይተርፋል።»