የእሁድ ፍሬን፣ የሰኞ ፍሬን

አንድ ንጋቱ የሚባል ሹፌር ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት ከተማ ይኖር ነበር። ከሰኞ እስከ አርብ በመኪናው አራት ተማሪዎችን ትምህርት ቤት ያደርሳል። እሁድ ሲሆን ደግሞ ያቺኑ መኪና ይዞ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ ይሽቀዳደማል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሁለት ሦስት ዙር እንደሮጠ ፍሬኑ ይግልና አልይዝ ይላል። ሌሎቹ ኩርባው አፍ ድረስ ከንፈው ቀጥ ሲሉ፣ እሱ ከሩቁ ጀምሮ ፍሬኑን ይለማመጠዋል። ስለዚህ ሁሌም መጨረሻ ነው። ጓደኞቹ "ንጋቱ ገባ?" "ኧረ ገና ነው፣ እራታችንን በልተን እንጠብቀው!" እያሉ ይስቁበታል።

አንድ ቀን ብሽቅ ብሎ መለዋወጫ ሱቅ ገባና "ከሁሉም የሚበልጠውን የፍሬን ሸራ አምጣ" አለ። ባለሱቁ የውድድር መኪና ሸራ አወጣለት።

"ኦርጅናል ነው?"

"ኦርጅናል!"

በቃ፣ ሌላ ጥያቄ የለም። እኛ አገር ኦርጅናል ከተባልን አበቃ፤ ለምን ተሠራ ብሎ የሚጠይቅ ማን ነው?

መካኒኩ ጋሽ ሸዋቀና ግን ሸራውን አገላብጠው አዩና "ልጄ፣ ይሄ ካልጋለ አይነቃም። ለእሁድህ ግሩም ነው፣ ለሰኞህስ?" አሉት።

"ጋሼ ደግሞ! እዚያ በዚያ ፍጥነት ያቆመኝ፣ ሰፈር ውስጥ በሠላሳ ስነዳ ሊያቅተው ነው?"

"እሺ፣ እገጥምልሃለሁ። ግን እሁድ እንደጨረስክ ና፣ የድሮውን እንመልሳለን።"

እሁድ ንጋቱ ሦስተኛ ወጣ! ያ ሸራ በጋለ ቁጥር ጭራሽ እየበረታ ሄደ። ጓደኞቹ ተሸክመው አስጨፈሩት። ወደ ጋሽ ሸዋቀና ግን አልሄደም። "አንጀቴን ያራሰኝን ነገር ማን ያስወልቃል?" አለ በልቡ።

ሰኞ ጠዋት ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ልጆቹን አሳፍሮ ገና ከሰፈር ሳይወጣ ፍሬኑ ሲጥ ሲጥ ማለት ጀመረ።

"ጋሼ፣ መኪናችን እያለቀሰች ነው" አለችው ናርዶስ፣ የሁሉም ትንሿ።

"የደስታ ነው፣ ሦስተኛ ወጥታ እኮ ነው" አላት።

ሳቃቸው ሳያልቅ ቁልቁለቱ መጣ። ታች ላይ አንድ ሰውዬ ውሃ በጄሪካን የጫነ ጋሪ እየገፋ መንገዱን ያቋርጣል። ንጋቱ ፍሬን ረገጠ። መኪናዋ ትንሽ ቀስ አለችና ዝም ብላ ወረደች። ደግሞ ረገጠ፣ ፔዳሉ ላይ ቆመ ማለት ይቻላል። ወረደች። ያኔ ማርሽ ቀነሰ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ መሪውን ጠምዝዞ ለግንባታ የተደፋ አሸዋ ክምር ውስጥ ገባ። ቆመች። ከጋሪው አንድ እርምጃ ቢቀራት ነው።

ሰውዬው ጎንበስ ብሎ በመስኮቱ አየውና "ወንድሜ፣ ሰላም ልትለኝ ነው እንዲህ የተጠጋኸኝ?" አለው።

"ጋሼ፣ ነገም በዚህ በኩል እንሂድ!" አለች ናርዶስ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ንጋቱ ግን መሳቅ አቃተው። ዞሮ ቆጠራቸው። አራት። አላመነም፣ እንደገና ቆጠራቸው። አራት። ከዚያ እጅ ለእጅ ተያይዘው ትምህርት ቤት ድረስ በእግር ወሰዳቸው።

ሲመለስ መኪናዋን አስጎትቶ በቀጥታ ጋራዥ። "ጋሼ፣ ይሄ ሸራ የማይረባ ነው! ያውጡልኝና ልጣለው።"

"ሸራው ምን አጠፋ? እሱ እሳት ውስጥ እንዲሠራ ነው የተሠራው። አንተ በጠዋት ብርድ ቀስቅሰህ ያዝ አልከው። የድሮውስ ቢሆን? ገና ስትነካው የሚይዝ፣ ስንት ዓመት ልጆች ያደረሰልህ ሸራ ነው። እሱን ደግሞ እሳት ውስጥ ከተትከውና ሰነፍ አልከው። ሁለቱንም በድለሃቸዋል።"

ንጋቱ ሸራውን ሳይጥል የድሮውን አስገጠመ። ከዚያ ወዲህ እሁድ ሁለቱንም ሸራ ይዞ ይሄዳል። ሜዳው ላይ የውድድሩን ይገጥማል። ሲጨርስ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቅና የሰኞውን ይመልሳል፤ ከዚያ ሸራው ከጎማው ጋር የሚዞረውን የብረት ዲስክ እስኪለምድ በሜዳው ዳር ቀስ እያለ እየነዳ ደጋግሞ ፍሬን ይይዛል።

አንድ እሁድ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? አንደኛ ወጣ! ሰው ሁሉ ሲጨፍር ባለድሉ ጠፋ። ቢፈልጉት መኪናዋን በክሪክ አንስቶ ጎማ ይፈታል።

"ኧረ አንተ ሰውዬ!" አለው ሁሌ የሚስቅበት ጓደኛው። "ዋንጫህን እንኳን ሳትስም? ነገ አይደርስም?"

"ነገ አንድ ሰዓት ላይ አራት ልጆች በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። እነሱ አንደኛ ውጣ አላሉኝም፤ ቁም ስትባል ቁም ነው ያሉኝ።"

ጓደኛው እጅጌውን ሰብስቦ አጠገቡ በርከክ አለ። "በል መፍቻውን አቀብለኝ። የኔዋም ላይ ነገ የምትሳፈረው እናቴ ናት፤ ያንተን ጨርሰን የኔንም ሸራ እንቀይራለን።"

ወዳጆቼ፣ አንድ ቦታ ላይ ጎበዝ የሆነ ሁሉ በሁሉም ቦታ ጎበዝ አይደለም። ሲጋጋል የሚበረታ ሰው አለ፤ ገና በጠዋቱ፣ ማንም ሳያጨበጭብ ከተፍ የሚል ሰውም አለ። አንዱን በሌላው ቦታ ፈትነን "አይረባም" አንበል። ራሳችንንም ቢሆን። "ከሁሉም የሚበልጠው የቱ ነው?" ከማለታችን በፊት "ለየትኛው ቦታ ነው?" እንበል።

እስቲ እናንተ ንገሩኝ፤ ያለቦታው አስቀምጣችሁ ሰነፍ ያላችሁት ማንን ነው?