የኢንጂነሩ ዘበኛ

ዋና ኢንጂነር ወንድይፍራው ለከተማዋ የውኃ ፓምፕ ኮምፒውተር የዘበኛ ኮድ ጻፉ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ኮምፒውተሩ በየደቂቃው «አለሁ» ይላል፤ ዝም ካለ ግን ዘበኛው «ደንዝዟል» ብሎ አጥፍቶ ያስነሳዋል። የእንዲህ ያለ ትልቅ ሰው ሥራ መመርመር ነውር ቢሆንም፣ ደንብ ነውና ኮዱ መርምራ እንድትፈርምበት ለአንዲት ምላሰኛ ሠራተኛ ተሰጠ።

አንብባ ስትጨርስ ራሷን ያዘች። «አለሁ» ባዩ ፓምፑን የሚያሠራው ፕሮግራም ሳይሆን፣ ለብቻው ተቀምጦ ስለ ፓምፑ ምንም የማያውቅ ሌላ ፕሮግራም ነበር። ዋናው ቢደነዝዝ፣ ከተማው በጥም ቢያልቅ፣ እሱ «አለሁ» ማለቱን አይተውም። አልፈርምም አለች።

ኢንጂነሩ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው አስጠሯት።

«ስሚ አንቺ! ሦስት ወር ሙሉ ሞክረነዋል። አንድ ቀን እንኳ ‹አለሁ› ሳይል ቀርቷል? አልቀረም! በይ ወይ ፈርሚ፣ ወይ ዛሬውኑ ሥራሽን ልቀቂ!»

እሷም እጅ ነሥታ፣ «እውነትዎን ነው ኢንጂነር» አለች። «በእኛም እድር እንዲህ ያሉ ጠንካራ አባል አሉ። ስማቸው በተጠራ ቁጥር ጎረቤታቸው ‹አሉ› ይልላቸዋል። እስከ ዛሬ ከአንድ ስብሰባ ቀርተው አያውቁም። የቀበርናቸው ግን በጥቅምት ነው።»