የማዶው እሾህ

ተረት ተረት ብያለሁ፤ ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ የሌለው ይተኛ።

እሾሁን እስከ ማዶው ጋራ የሚያስወነጭፍ አንድ ጃርት ነበር። ሚስቱን የሚያሳስባት ግን ጠላት አልነበረም፤ ልጃቸው ለማግባት ደርሳ ጠያቂ ማጣቷ ነበር እንጂ።

«ጠላት ደጄ ሳይደርስ እዚያው ማዶ አስቀረዋለሁ» ይላታል ባሏ።

«ከዚህ ሆነህ ጠላት መሆኑን በምን ታውቃለህ? ደግሞ አንተን ማን ብሎ ይመኝሃል፤ ሥጋህን እንደሆነ ጅብም ንቆታል።»

አንድ ማለዳ ማዶው ላይ ሦስት ጥላዎች ብቅ አሉ። ጃርት ማን ናችሁ ሳይል እሾሁን ለቀቀባቸው። ሁለቱ እያነከሱ ሸሹ፤ እሱም ደረቱን ነፍቶ ሲንጎራደድ ዋለ።

ወደ ማታ ሦስተኛው እየተንፏቀቁ ደረሱ። አባ ኤሊ ነበሩ፤ እሾሁ ጀርባቸው ላይ ነጥሮ ነው የተረፉት።

«የማዶው ጃርት ልጃችሁን ለልጁ እንድንጠይቅለት የላከን ሽማግሌዎች ነበርን» አሉ ቆመው።

ሚስት ባሏን በዓይኗ ወግታው መደቡን መጥረግ ያዘች። «ይቀመጡ እንጂ አባቴ።»

«አልቀመጥም ልጄ። የመጣነው መልስ ልንሰማ ነበር፤ መልሱ እዚያው መንገድ ላይ ደርሶናል።»

የእኔ ተረት ይኸው አለቀ፤ ዳቦዬን ወዲህ በሉ።